የአንድ የግብርና ተመራማሪን የኅትመት ዝርዝር ማንበብ፦ ከጅማ የተጻፈ ማስታወሻ

በግብርና ምርምር ውስጥ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን የሚመዘነው በኅትመት ዝርዝሩ ነው። ለማዕረግ እድገት ሲያመለክት፣ ለፕሮጀክት ገንዘብ ሲወዳደር ወይም ከሌላ ተቋም ጋር አብሮ ለመሥራት ሲጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግበት ይኸው ዝርዝር ነው። ጅማ ውስጥ የእንስሳት አመጋገብን ሳስተምርና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳማክር በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች በእጄ አልፈዋል፤ ገና ጀማሪ የሆኑ መምህራንም፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ታላላቆቻችንም ያዘጋጇቸው ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩን የሚቀበለው ሰው ከላይ እስከ ታች ይቆጥረዋል፣ ቁጥሩን በቅጹ ላይ ያሰፍራል፣ ንባቡም በዚያው ያበቃል። የእንስሳትና የሰብል ተመራማሪ ምን እንደ ሠራ የሚታወቀው ግን ዝርዝሩ ርእስ በርእስ፣ ጽሑፍ በጽሑፍ ሲነበብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአግባቡ ለማንበብ ደግሞ ጥናቱ የተሠራበትን የገበሬ ጓሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

በጅማ ዙሪያ፣ በማና፣ በቀርሳ፣ በሰቃ ጮቆርሳም ሆነ በዴዶ፣ እንስሳትና ሰብል ተለያይተው አይኖሩም። በሬው ማሳውን ያርሳል፤ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ አገዳው ለበሬውና ለላሚቱ የበጋ መኖ ይሆናል፤ እበቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ እንሰቱና ወደ ጓሮው አትክልት ይሄዳል። እርከን ላይ የተተከለው የደሾ ሣር አፈሩን ይይዛል፣ ታጭዶም ለጥጃና ለበግ ይቀርባል። ስለዚህ በአንድ ተመራማሪ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ጽሑፍ ስለ በቆሎ ዝርያ፣ ቀጣዩ ስለ በግ ማድለብ፣ ሦስተኛው ስለ አሲዳማ አፈር ቢሆን «ይህ ሰው አንድ ቦታ አይረጋም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ ቀይ አፈር ላይ የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ኖራ አንዱ መፍትሔ ሲሆን የከብት ፍግም ይረዳል። ፍጉ የሚገኘው ከብቱ በልቶ ሲያድር ነው፤ ከብቱ በበጋ የሚበላው ደግሞ ከዚያው ማሳ የወጣውን አገዳ ነው። እነዚህን ሦስት ጽሑፎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ ጥያቄ ከሦስት አቅጣጫ እንደ ተጠየቀ ይረዳል።

አገዳውን ካነሣሁ ዘንዳ ጥቂት ልቆይበት። የበቆሎ አገዳ የፕሮቲን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ባለው ውስጥ ነው፤ በአመንዣጊ እንስሳት የመጀመሪያ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ሥራቸውን በወጉ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲሆን እንስሳው ሆዱ ሞልቶ እያለ ይከሳል። ለዚህም ነው ገለባንና አገዳን በዩሪያ ማከም፣ በመቶ ኪሎ ገለባ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ በጥብጦ ረጭቶ ሦስት ሳምንት ያህል አየር እንዳያገኝ አፍኖ ማቆየት፣ በሀገራችን የመኖ ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው። በሰብል በኩል ያለው መዝገብ ግን ስለ አገዳው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሏል። አንድ የበቆሎ ዝርያ ሲመዘን የሚመዘገበው የፍሬ ምርቱ፣ የሚደርስበት ቀን፣ ቁመቱና በሽታ የመቋቋም አቅሙ ነው፤ የአገዳው ብዛትና ለከብት ያለው ጥቅም የሚለካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በባኮ የምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢኤች 660 ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ ነው፤ በምርት ሰንጠረዥ ላይ ቁመቱ የመውደቅ ስጋት ሆኖ ይታያል፣ በገበሬው ጓሮ ግን ያ ቁመት መኖ፣ አጥርና ማገዶ ነው። አንድ ጊዜ በሰቃ ጮቆርሳ አንድ አረጋዊ ገበሬ ስለዘሩት ሌላ አዲስ ዝርያ ስጠይቃቸው በኦሮምኛ የመለሱልኝ ቃል ከእኔ ጋር ቀርቷል፦ «ፍሬው ሞልቶልኛል ልጄ፤ አገዳውን ግን ላሞቼ ይተዉታል።» ይህን አስተያየት የሚቀበል ዓምድ በዝርያ መመዘኛ ቅጹ ላይ አልነበረም። በተመራማሪ ዝርዝር ውስጥ ፍሬውንም አገዳውንም አንድ ላይ የለካ ጽሑፍ ሳገኝ ያ ሰው ገበሬውን ሰምቷል እላለሁ።

ቀጥሎ የማየው የጥናቱን ዘዴ ነው፤ ለዚህም የመኖ ሙከራ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያየ ሰው ከርእሱ በስተጀርባ ያለውን ድካም ያውቃል። የበግ ማድለብ ሙከራ በተለመደው አሠራሩ በጎችን ከገበያ ከመግዛት ይጀምራል። በጎቹ ለብቻቸው ተለይተው ይቆያሉ፣ የሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ ይከተባሉ፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ይደረግላቸዋል፣ ከዚያም በክብደታቸው ተመድበው እያንዳንዳቸው በየግል ጋጣቸው ይገባሉ። ለአዲሱ መኖ እንዲለማመዱ ሁለት ሳምንት ያህል ከተሰጣቸው በኋላ ዋናው ሙከራ ብዙ ጊዜ 90 ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት የትናንቱ ትራፊ ከየገንዳው ተሰብስቦ ይመዘናል፣ የዛሬው ድርቆሽ ይመዘናል፣ ፋጉሎውና ፍሩሽካው በየበጉ ድርሻ ይመዘናል፣ ሁሉም በመዝገብ ይሰፍራል። በየአሥር ቀኑ በጎቹ ውኃና መኖ ሳይቀምሱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የመፈጨት አቅሙ ሲጠና ደግሞ በየበጉ ጀርባ በኩል ከረጢት ታስሮ በጠጡ በየቀኑ ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ ከእያንዳንዱ ናሙና ይወሰዳል። አንድ ቀን ትራፊው ሳይመዘን ቢቀር የዚያ ቀን የአወሳሰድ መጠን ጠፋ ማለት ነው፤ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መሙላት አይቻልም። እሑድ የለም፣ በዓል የለም። በዝርዝሩ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ርእስ ተጠቃልሎ ይታያል።

ይህን ካየሁ ወዲህ አንድ ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው በእያንዳንዱ የመኖ ዓይነት ስንት በግ እንደ ነበረ ነው። አምስት ወይም ስድስት በግ በዚህ ዘርፍ የተለመደ ነው፤ ጥንቃቄ ከተሞላበት አመዘጋገብ ጋር ሲሆን ትልልቅ ልዩነቶችን ያሳያል፣ ጥቃቅኖቹን ግን አያሳይም። ስለዚህ «ልዩነት አልታየም» የሚል ማጠቃለያ ሲገጥመኝ ልዩነቱ በእውነት ስለሌለ ነው ወይስ በጎቹ ስለ አነሱ የሚለውን እጠይቃለሁ። በሰብል በኩል ያለው ተመሳሳይ ጥያቄ የወቅቱና የቦታው ነው። በአንድ ክረምት፣ በአንድ የምርምር ጣቢያ መደብ ላይ ብቻ የተገኘ ውጤት ለዴዶ ደጋም ለኦሞ ናዳ ቆላማ ቀበሌም አይሠራም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመትና ከአንድ በላይ ቦታ ማየት ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ ያው ጥያቄ በተለያዩ ዓመታትና ቦታዎች ተደጋግሞ ሲታይ ቆጣሪው «ተመሳሳይ ርእስ ደጋገመ» ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የማከብረው ያንን ነው፣ ምክንያቱም በግብርና ውስጥ የሚያስተማምን እውቀት የሚገኘው በድግግሞሽ ነው።

በጽሑፎቹ ራስጌ፣ ከደራሲው ስም ሥር፣ የሚሠራበት ተቋም ስም አለ። ብዙ ሰው ይህን መስመር ያልፈዋል፤ በሀገራችን ግን የረጅም ዘመን ተመራማሪ ዝርዝር ሲሆን በዚያ መስመር ብቻ የተቋማቱን ታሪክ መከተል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1997 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ሆነ፣ ኋላም ዛሬ የምናውቀውን የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትነት ያዘ። ዓለማያ የነበረው በ2006 ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢልካ፣ ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ተዋሕዶ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭር ስሙ ኢልሪ፣ ሆነ። የእኛው ከተማ የግብርና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቁሞ፣ ለዓለማያው ኮሌጅም የመጀመሪያ ማረፊያ ሆኖ፣ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተጣምሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። አንድ ሰው ጅማ አጠገብ ካለው ከመልኮ የምርምር ማዕከል ሳይወጣ ሠላሳ ዓመት ቢሠራ ጽሑፎቹ በተለያዩ የተቋም ስሞች ሥር ተበትነው ሊገኙ ይችላሉ፤ የመረጃ ቋቶቹም ተቋም የቀያየረ ሰው አድርገው ሊያቀርቡት ይችላሉ።

ከተቋሙ ይበልጥ የሚያስቸግረው የሰውየው የራሱ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን ስም አለ፣ የአባታችን ስም ይከተላል። የውጭ መጽሔቶችና የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱና የደራሲውን ስም ወደ አንዲት ፊደል አሳጥረው በአባቱ ስም ይጠሩታል። የሀገር ውስጥ መጽሔቶች ብዙዎቹ በትክክለኛው ልማዳችን ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ይጽፉታል። በዚህ የተነሣ ያው ሰው በአንድ ቋት በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ እንደ ሁለት ሰው ይኖራል፤ ወንድምና እህት ሁለቱም ተመራማሪ ከሆኑና የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል አንድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ሆነው ይቀራሉ። በዚህ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። ጸጋዬ የሚባል ሰው በ«ቲ ኤስ» የሚጀምርበት ጽሑፍም በ«ኤስ» ብቻ የሚጀምርበት ጽሑፍም ይኖረዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጫላ የሚባል ሰው በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ብቻ፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጻፍ በ«ሲ ኤች» ይጀምራል፤ አናባቢውም አንድ ጊዜ ነጠላ፣ ሌላ ጊዜ ድርብ ይሆናል። የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ችግር ነው፤ በዓመተ ምሕረት የታተመ የጉባኤ ጽሑፍ ዓመቱ ሳይቀየር ወደ ቋቱ ሲገባ ሥራው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተማሪው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የተጻፈ መስሎ የተመዘገበ የመመረቂያ ጽሑፍ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ቀላል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ የስሙ አጻጻፍ ቢለያይም ሥራዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይሰበስባል። ተማሪዎቼን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ከመላካቸው በፊት ስማቸውን በላቲን እንዴት እንደሚጽፉ እንዲወስኑ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው በዚያው እንዲጸኑ አጥብቄ እመክራቸዋለሁ።

ስለ ቁጥሮቹም መናገር ግድ ነው፤ ምክንያቱም በእኛም ዘንድ እየገቡ ነው። ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሂርሽ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 2005 ነው። አንድ ሰው ኤች ኢንዴክሱ 10 ነው ከተባለ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። መለኪያው ለአንድ ሰው ረጅም ሥራ ጥቅል ምስል ይሰጣል፤ የተለያዩ ዘርፎችን ለማወዳደር ግን አይሆንም። ከብዙ ሀገር የተሰባሰቡ ደራስያን ስለ ከብት የዘር ውርስ በጋራ የጻፉት ጽሑፍ በመላው ዓለም ይጠቀሳል፤ የደሾ ሣርን የአጨዳ ጊዜ ያጠና ጽሑፍ የሚጠቀሰው ደሾ በሚበቅልበት አካባቢ በሚሠሩ ሰዎች ነው፣ እነሱም ጥቂት ናቸው። በተጨማሪም የኢትዮጵያ የእንስሳት እርባታ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ጽሑፎች፣ የምርምር ማዕከላት የሂደት ዘገባዎችና የድሮ የመመረቂያ ጽሑፎች ስኮፐስ በተባለው የጽሑፎች መረጃ ቋት አይገኙም፤ በጉግል ስኮላርም የሚገኙት በከፊል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው የምርምር ምዘና መግለጫ መጽሔቱ ያለው የተጠቃሽነት ቁጥር የአንድን ሰው ሥራ ለመመዘን እንዳይውል የጠየቀው በከንቱ አይደለም፤ ለእኛ ዓይነት ሀገር ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በዝርዝሩ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ትልቅ ሥራ አለ፣ እሱም ዘሩ ራሱ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በሀገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በሽታው ማሳ ሙሉ ቡና ሲያጠቃ ሳይነኩ የቀሩ እናት ዛፎች ተፈልገው ተመረጡ፣ ዘራቸው ተፈተሸ፣ መልኮ ላይ ተባዝቶም ተሰራጨ። 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74158፣ 74165 የሚባሉት ዝርያዎች በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። ዛሬ በጎማና በማና የችግኝ መደቦች ላይ የቆመ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ከገበሬዎች አፍ ይሰማል። ያንን ምርጫ በእግራቸው ጫካ ለጫካ ዞረው የሠሩት ሰዎች የኅትመት ዝርዝር ቢቆጠር ግን ከዛሬ ወጣት ረዳት ፕሮፌሰር ሊያንስ ይችላል። በዓለም መድረክ የታወቀውም ምሳሌ ከዚሁ ከተማ የትምህርት ቤት ወንበር የተነሣ ነው፤ ገቢሳ ኤጀታ በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዓለማያ ተመርቀው፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ብዙ ጽሑፍ አላቸው፤ ነገር ግን ስማቸው ሲነሣ ቀድሞ የሚነሣው በ1983 ሱዳን ውስጥ የተለቀቀው ሃጊን ዱራ 1 የተባለው ድቅል ማሽላና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙት ዝርያዎች ናቸው። በእኔ እምነት የተለቀቀ ዝርያ፣ የተሻሻለ የመኖ አዘገጃጀት ወይም በገበሬ እጅ የገባ መሣሪያ በኅትመት ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ረድፍ ሊሰጠው ይገባል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስለ እንስሳት የተጻፈው ጽሑፍ ውጤቱ የሚታየው በሰብል ማሳ ላይ ነው፤ ለዚህ የግቤ ሸለቆን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ሁሉ በዚያ ሸለቆ ያልፋል። የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው ዝንብ እዚያ በሬን ይገድል ስለነበር ለም መሬት እያለ አራሹ ጥቂት ነበር። የኢልካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የገበሬዎቹን ከብቶች በየወሩ እየተከታተሉ ደማቸውን መረመሩ፣ የበሽታው ተሕዋስያን በሥራ ላይ የነበሩትን መድኃኒቶች እንደ ተላመዱም አረጋገጡ። መድኃኒቱ ብቻውን ስለማይበቃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዝንቡ ተዞረ፤ በፀረ ተባይ የተነከረ ጨርቅ በየቦታው ተሰቀለ፣ በሌላው ክፍል ደግሞ ፀረ ተባይ በከብቱ ጀርባ ላይ እንዲፈስ ተደረገ፣ ገበሬዎቹም ከጊዜ በኋላ የዚህን ፀረ ተባይ ዋጋ ራሳቸው ይከፍሉ ጀመር። ዝንቡ ሲቀንስ በሬው በሕይወት ቆየ፤ በሬው ሲቆይ የሚታረሰው መሬት ሰፋ። የመሬት አጠቃቀሙን ያጠኑት ተመራማሪዎች ለውጡን ሁሉ ለዝንቡ ብቻ አልሰጡትም፤ ድርቁም፣ የሰፈራው ፖሊሲም፣ የሰው ፍልሰቱም የየራሳቸው ድርሻ እንደነበራቸው ጽፈዋል። ይህ ጥንቃቄ ራሱ ለእኔ ትምህርት ነው። የእነዚያን ዓመታት ጽሑፎች በተርታ ያነበበ ሰው ከደም ምርመራ ተነሥቶ ወደ ማረሻ፣ ከማረሻው ወደ ደኑና ወደ አፈሩ ሲሄድ አንድ ጥያቄ እንዴት እንደሚያድግ ያያል፤ የአንዱ ጽሑፍ ማጠቃለያ ለቀጣዩ መነሻ ሆኗል።

በቅርባችን ያለው ሌላው ምሳሌ የቦንጋ በግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የማሻሻያ ሥራ የመንደሩን በጎች ውልደትና የስድስት ወር ክብደት መዝግቦ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ ተቀምጠው የሚያስቀሩትን አውራ እንዲመርጡ አድርጓል። ከዚያ ሥራ የወጡት ጽሑፎች መረጃቸው የተገኘው ከገበሬው መዝገብ ስለሆነ አውራውና ጽሑፉ አንድ ላይ ይገኛሉ።

ገንዘብ ከፍለህ በሳምንት ውስጥ ስለሚታተምባቸው መጽሔቶች ብዙ መናገር አልፈልግም። የማዕረግ እድገት በቁጥር ሲታሰብ እንዲህ ያለ ገበያ መፈጠሩ የማይቀር ነበር፤ ወጣቶቹን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። የሚያሳዝነው ለዘጠና ቀን በየጠዋቱ የተመዘነ ትራፊ ያለበት ጥሩ ሙከራ ማንም ገምጋሚ ሳያየው፣ ስሕተቱም ሳይታረም፣ እንዲህ ባለ ቦታ ተቀብሮ መቅረቱ ነው። አንድ ተማሪ ጽሑፉ በሀገር ውስጥ መጽሔት ግምገማ ላይ አንድ ዓመት ቢቆይበት ተስፋ እንዳይቆርጥ እነግረዋለሁ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ የሚመጡለት ሁለት ገጽ የገምጋሚ አስተያየቶች ከአማካሪው ያላገኘው ትምህርት ሊሆኑ ይችላሉ።

የደራስያን ስም አሰላለፍም መታየት አለበት። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ሥራ ከሆነ የመጀመሪያው ስም የተማሪው ሊሆን ይገባል፤ በአንድ ታላቅ ተመራማሪ ዝርዝር ውስጥ የተማሪዎቹ ስሞች ከፊት፣ የእርሱ ከኋላ ሆነው ብዙ ጊዜ ሲታዩ ሰው ያፈራ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ከዝርዝሩ ውጭ የሚቀሩት ግን በጎቹን የሚያበሉት፣ በሌሊት የምትወልደውን በግ የሚጠብቁት፣ በዝናብ ውስጥ መደቡን የሚያርሙት የጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። ቢያንስ በምስጋናው አንቀጽ ስማቸው በሙሉ ሊጻፍ ይገባል፤ «የጣቢያው ሠራተኞች» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። የዳሰሳ ጥናቶችን በተመለከተም አንድ ነገር ሁልጊዜ አያለሁ፦ ስለ ወተትና ስለ ዶሮ የተጠየቀው ማን ነው? በአካባቢያችን ላሟን የምታልበው፣ ቅቤውን የምትንጠው፣ ዶሮዋን የምታስታቅፈው የቤቱ እመቤት ስትሆን መጠይቁን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ሴቶቹን ለብቻቸው የጠየቀ ጥናት በወተት መጠን ላይ የሚሰጠው መልስ ከሌላው ይልቅ ይታመነኛል።

ጽሑፉ ወደ መጣበት ቀበሌ መመለሱንም እከታተላለሁ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ በክፍያ መስኮት ጀርባ ሲቀመጥ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሊያነበው አይችልም። በኦሮምኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ መኖው በምን መጠን እንደሚደባለቅና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ የሚናገር፣ ብዙ ቀን የሚወስድ ሥራ አይደለም። የቡና ገለፈትን ለበግ የሚያቀርብ ገበሬ ካፌይኑና ታኒኑ በብዛት ሲሆን እንደሚጎዳ፣ ስለዚህም ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ መደባለቅ እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲነግረው ነው። እንዲህ ያለ ማጠቃለያ በዝርዝሩ ላይ ከጽሑፉ ሥር ቢጠቀስ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ዓመት ጀምሮ የማማክራቸው ተማሪዎች የኅትመት ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ሦስት አጫጭር መስመሮች እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ሙከራው የተሠራበት ቀበሌ ወይም ጣቢያና ወቅቱ፣ ሁለተኛው የእንስሳቱ ወይም የመደቦቹ ቁጥር፣ ሦስተኛው ጥሬ መዝገቡ የሚገኝበት ቦታ ነው። ሦስተኛው መስመር ይበልጥ ያሳስበኛል። የየጠዋቱ ሚዛን የሰፈረባቸው ደብተሮች ተማሪው ሲመረቅ አብረውት ይሄዳሉ፣ ወይም በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆነው ቢሮው ሲቀየር ይጣላሉ። ደብተሮቹ ተቃኝተው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ማኅደር ቢቀመጡ፣ በእያንዳንዱ የመኖ ዓይነት አምስት ወይም ስድስት በግ ብቻ ያላቸው ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው እንደገና ሊተነተኑ፣ ዛሬ «ልዩነት አልታየም» ተብሎ የተዘጋው ጥያቄም ሊከፈት ይችላል።